ደብረ ታቦር ፍርሃት አላጣችም፤ ያጣችው መጫወቻ ነው

«አገር እንዲህ ሆኖ ስለ መጫወቻ ይወራል?»

በደቡብ ጎንደር የልጆች ጨዋታ ነገር በተነሣ ቁጥር ይህች ጥያቄ ቀድማ ትመጣለች። የሚጠይቋትም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ማዳበሪያ በሰዓቱ ያልደረሰው ገበሬ፣ ደመወዙ ወር የማያደርሰው መምህር፣ የልጁ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ወላጅ ናቸው። ጥያቄዋ ግን የተሳሳተች ናት። ስህተቷን ለማየት ከሩቅ ካለ አንድ የእንጨት መጫወቻ መጀመር ይጠቅማል።

በኒው ዮርክ ኮኒ አይላንድ «ሳይክሎን» የሚባል ሮለር ኮስተር አለ። እ.ኤ.አ. በ1927 ተከፍቶ እስከ ዘመናችን የዘለቀ፣ ሐዲዱ በእንጨት ላይ የተነጠፈ ነው። ተሳፋሪው በሰንሰለት ቀስ እያለ ወደ 26 ሜትር ከፍታ ይጎተታል። ከዚያ ወዲያ የሚገፋው ሞተር የለም፤ የቀረውን የሚሠራው የመሬት ስበት ነው። ቁልቁል ሲወረወር ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሰው ይጮኻል፣ የፊቱን ብረት ጨምድዶ ይይዛል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጉዞው ያልቃል፤ እየሳቀ ይወርዳል፤ ተመልሶ የሚሰለፍም ብዙ ነው።

እዚያ ቲኬት የሚቆረጠው መመለሻ ላለው ፍርሃት ነው። ከሐዲዱ ሥር ባቡሩ እንዳይነሣ የሚይዙ ጎማዎች አሉ። ጆን ሚለር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ የእነዚህን ጎማዎች የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1919 ነው። በአውስትራሊያ ሜልበርን እ.ኤ.አ. በ1912 የተከፈተው የእንጨት ሮለር ኮስተር ደግሞ ፍሬን የሚይዝ ሰው ከተሳፋሪዎቹ መካከል ቆሞ አብሮ እንዲጓዝ ተደርጎ የተሠራ ነው። በእንዲህ ያሉ ቦታዎች በሩ ከመከፈቱ በፊት ሐዲዱን በእግሩ እየሄደ የላላ ብሎንና የተሰነጠቀ እንጨት የሚፈልግ ሠራተኛ አለ። ልጁ ከሰዓት በኋላ ልቡ እስኪጠፋ የሚጮኸው ያ ሰው ጠዋት ሥራውን ስለሠራ ነው።

ለደቡብ ጎንደር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ጥር 25 ቀን በመርቆሬዎስ በዓል ደብረ ታቦር ላይ ጉግስ ያየ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ፈረሰኛው ይጋልባል፤ ከኋላው ዘንግ ይወረወርበታል፤ እሱም በጋሻው ይመክታል። ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው፣ ከከተማዋ ጋር ስም የሚጋራው የደብረ ታቦር በዓልም ጅራፍ አለው። ጎረምሶች ሲገራረፉ ሜዳው የታወቀ ነው፤ ቀኑ የታወቀ ነው፤ ሲበዛ «በቃ!» የሚል ትልቅ ሰው አይጠፋም። አባቶች ልጅን ከፍርሃት አላራቁትም፤ ለፍርሃቱ አጥር አበጁለት።

ዛሬ ያ አጥር የለም። ከፎገራ ሜዳ፣ ከወረታ ተነሥቶ ደብረ ታቦር የሚደርሰው መንገድ በ42 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ወደ 900 ሜትር ሽቅብ ይወጣል። ከዚያም ወደ ጋሳይና ወደ ነፋስ መውጫ ደጋ ይዘልቃል። የኮኒ አይላንዱ ቁልቁለት ከዚህ ጋር ሲተያይ የጓሮ እርከን ነው። በዚህ መንገድ ሚኒባስ ውስጥ ከትርፍ ሰው ጋር ተጠጋግቶ የሚሄደው ተሳፋሪ ቀበቶ አያስርም። ፍሬኑን ጠዋት ማን አየው ብሎም አይጠይቅም። አማትቦ ወይም ዱዓ አድርጎ ይሳፈራል።

በሳንቃ ላይ ኩሽኔታ መትቶ ጋሪ የሚሠራ ልጅም ቁልቁለት ሲፈልግ የሚያገኘው አስፋልቱን ነው። እዚያ ደግሞ ኢሱዙ አለ፣ ባጃጅ አለ። ልጁ የተገጨ እንደሆነ «ድሮስ ባለጌ ነበር» ተብሎ ይታለፋል። የልጁ ጥፋት ፍጥነት መውደዱ ከሆነ ያለ ጥፋት ያደገ ሰው የለም። ሌላ ቁልቁለት ያላሳየው ከተማ ግን ተጠያቂ ሆኖ አያውቅም።

የዚህ ምድር ሰው ቁልቁለትን መግራት አቅቶት አያውቅም። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል፣ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው መድፍ፣ በ1860 ዓ.ም ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዝ ወራት ፈጅቷል። ከፊቱ መንገድ እየተጠረገለት፣ ዳገቱን በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ቁልቁለቱን በጥንቃቄ እየወረደ ገደሉን ሁሉ አልፎ ደርሷል። ያኔ ለመድፍ የተደረገው ጥንቃቄ ዛሬ ለልጅ ቢደረግ ማን ይጎዳል?

የመጀመሪያዋ ጥያቄም መልሷን እዚህ ታገኛለች። በነሐሴ 2013 ዓ.ም፣ በቡሄ ወር፣ ደብረ ታቦር ላይ ከባድ መሣሪያ ተተኩሶ ሰላማዊ ሰዎች ሞተዋል። በ2015 ዓ.ም ክረምት ደግሞ የአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ውስጥ ገባ። በእነዚህ ዓመታት ነፍስ ያወቀ ልጅ ልቡ በደረቱ ውስጥ ሲደልቅ ቀጥሎ ሳቅ ሊመጣ እንደሚችል ከየት ይማር? ፈርቶ መመለስ እንደሚቻል ሰውነቱ የሚማረው በጨዋታ ነው። ስለዚህ «አገር እንዲህ ሆኖ» የሚለው ቃል ለመጫወቻ መቸኮያ እንጂ ማዘግያ ሊሆን አይገባውም። «ሰላም ሲሆን ይደርሳል» የሚሉም አሉ። ልጅነት ግን ሰላምን ቆሞ አይጠብቅም። ዛሬ የስምንት ዓመት ልጅ የሆነው ከአሥር ዓመት በኋላ መጫወቻ ቢከፈትለት ምን ያደርግበታል?

ሁለተኛው ሰበብ ገንዘብ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ሮለር ኮስተር ይተከል ያለ የለም። አንድነት ፓርክንና እንጦጦ ፓርክን በቴሌቪዥን እያሳዩ «ይኸው አገሪቱ መዝናኛ አላት» ማለትም መልስ አይሆንም፤ ከደብረ ታቦር አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የሚያስፈልገው ለመኪና የተዘጋ አንድ ቁልቁለት፣ ከግርጌው በገለባ የተሞሉ ጆንያዎች፣ ከባሕር ዛፍ ግንድ የተሠሩ ጥቂት ዥዋዥዌና ሸርተቴዎች ናቸው። ባሕር ዛፉም አናጢውም እዚያው አሉ። ወጪውም ከወርክሾፕ አበል ተቀንሶ የሚሸፈን ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ግን የጠዋቱ ሰው ነው። ሪባን ተቆርጦ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ሰንሰለቱ ሲበጠስ ባለቤት የማይገኝለት ዥዋዥዌ ከአስፋልቱ አይሻልም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ። መጀመሪያ ደመወዝ የሚከፈለው፣ በየማለዳው ገመዱን የሚስብ፣ እንጨቱን የሚያንኳኳ፣ የተበላሸውን ዘግቶ «ዛሬ አይቻልም» ለማለት ሥልጣን ያለው ሰው ይቀጠር። ዥዋዥዌው ከዚያ በኋላ ይሰቀል። ይህንን ለልጆች መጫወቻ የለመደ ከተማ ነገ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ የሚኒባሱን ፍሬን ለማየት አይቸገርም።

ሐምሌ 1 ቀን አዲስ የበጀት ዓመት ይጀምራል። የከተማው ምክር ቤት ለዚያ ሠራተኛ አንድ መስመር በበጀቱ ውስጥ ያስገባ። ልጆቹ እንደሆኑ ቁልቁለት መፈለጋቸውን አይተዉም፤ መንደርደራቸውም አይቀርም። የሚቀረው ጥያቄ ከታች የሚጠብቃቸው ገለባ ነው ወይስ ኢሱዙ የሚለው ነው።