የመያዣው ሰነድ በማን እጅ ይሁን?

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። የሕግ ተማሪዎች ባንሆንም፥ ይህ ቃል የቡሬንና የፍኖተ ሰላምን ገጠር ስለሚመለከት ዝም ልንል አልወደድንም።

ቡሬ የተቀናጀ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ የተቋቋመባት ከተማ ናት። በአካባቢዋ ገበሬው በቆሎውንና አኩሪ አተሩን ለነጋዴና ለፋብሪካ ያስረክባል። ዋጋው ሳይከፈለው ገዢው ድርጅት ቢከስርስ? ሒሳብ አጣሪ ይሾማል፤ ገንዘብ አለን የሚሉ ሁሉ ማስረጃቸውን ይዘው እንዲቀርቡ ይጠራሉ። ባንኩ ሕንጻውንና መኪናውን አስቀድሞ በመያዣ ይዟል፤ ገበሬው የያዘው ምናልባት የሚዛን ደረሰኝ ነው።

ባንክ በመያዣው መቅደሙን አንቃወምም፤ ይህ ባይሆን ማን ያበድራል? ነገር ግን መያዣው የባንኩ የሚሆነው በብድሩ ልክ ብቻ ነው። ዕዳው ከነወለዱ 8 ሚሊዮን ብር ሆኖ ሕንጻው በ10 ሚሊዮን ቢሸጥ፥ 2 ሚሊዮኑ የሌሎቹ ገንዘብ ጠያቂዎች ነው። የ1990 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 97 ባንክ ለባለዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፥ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅዳል። እንግዲህ የብድሩ ውል፥ የመያዣው ምዝገባና የተከፈለው ሒሳብ ለአጣሪው ካልተሰጠ፥ ትርፉ ስንት እንደሆነ ገበሬው በምን ያውቃል?

ነገሩ በሌላም በኩል ገበሬውን ይነካዋል። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብሩን ሲቃወም፥ መሬቱ ተለክቶ መዝገብ መግባቱን ፈርቶ ነበር። የልጅ ልጁ ዛሬ የይዞታ ደብተር ይዟል፤ የክልሉ የ2009 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 252 ደግሞ የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ፈቅዶለታል። አበዳሪው ራሱ ቢፈርስ ያ ደብተር ዕዳው ሲከፈል የሚመለስ አደራ እንጂ የአበዳሪው ሀብት አይደለም።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው፤ የመያዣ ሰነድ ሁሉ በዝርዝር ተቆጥሮ ለአጣሪው በፊርማ ይሰጥ፤ ዝርዝሩ በገንዘብ ጠያቂዎች ፊት በአማርኛ ይነበብ፤ ዕዳው ሲዘጋ ሰነዱ ለባለቤቱ በደረሰኝ ይመለስ።

ክረምት ሲገባ ወደየቤታችን እንመለሳለን። ወላጆቻችን የሚዛኑን ደረሰኝ እንዳይጥሉ፥ የጥሪውን ቀን እንዳያሳልፉ፥ «ሰነዱን አሳዩን» ለማለትም እንዳያፍሩ እንንገራቸው። ፊደል የቆጠርነው ለደመወዝ ብቻ አይደለምና።