ዲግሪውን ልቀቁላቸው

«የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በነፃ ያስተምራል» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። የወጪ መጋራት በ1996 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ተማሪው የኮስት ሼሪንግ ውል ይፈርማል፤ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ተመርቆ ሊከፍል ይስማማል። ይህ ብድር ነው። እርዳታ እያሉ መጥራት ነውር ነው።

በብድሩ ምን እንደሚበላ በዩኒቨርሲቲ ካፌ የበላ ሁሉ ያውቀዋል። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመደበው ለዓመታት 15 ብር ነበር። ቁርስ፣ ምሳና እራት በ15 ብር! በኋላ 22 ብር ሆነ፤ 100 ብር የደረሰው በ2017 ዓ.ም. ነው። ልጆቹ ትንሽ ደህና ከበሉ እሰየው። ግን በወጪ መጋራት ደንቡ መሠረት ምግቡ በሙሉ የተማሪው ዕዳ ነውና፣ ዛሬ የተጨመረው ብር ነገ ከገዛ ደመወዙ ይቆረጣል። ይህን ለወላጅ ቁጭ ብሎ ያስረዳ ማን ነው?

ማንም መዝገብ ላይ የማይጽፈው ወጪ ደግሞ አለ። የእህቴ ልጅ የሁለት ቀን መንገድ የሚያስኬድ ዩኒቨርሲቲ ስትመደብ ሻንጣዋን ያዘጋጀነው አብረን ነው፦ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ ለሎከሯ ቁልፍ፣ ዶርም ውስጥ ውኃ ሲጠፋ የምትቀዳበት ጀሪካን። ከዚያ በኋላ በየወሩ ሳሙና፣ ሞዴስ፣ የሃንድአውት ፎቶ ኮፒ፣ የሞባይል ካርድ፤ ለእረፍት ስትመጣ ትራንስፖርት፤ መንገድ ሲዘጋ የአውሮፕላን ቲኬት። ላፕቶፑ የተገዛው እህቴ እቁብ ሲወጣላት ነው። ያን ዓመት የቤቱ ጣራ ማፍሰሱን ቀጠለ። አገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎቿን የምታስተዳድረው በእንዲህ ያሉ እናቶች ገንዘብ ነው፤ የሚያመሰግናቸው ግን አላየሁም።

ይህን ሁሉ ቤተሰብ ችሎት ኖሯል። አንጀቴን የሚያሳርረው ከምረቃ በኋላ የሚመጣው ነው። ጋዋኑ ተለብሶ፣ ፎቶው ተነስቶ ልጅቷ ይዛ የተመለሰችው ቴምፖ (ጊዜያዊ የምስክር ወረቀት) እና ስቱደንት ኮፒ ብቻ ነው። ኦሪጅናል ዲግሪዋና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቷ ተይዘዋል። ውጭ አገር ለማስተርስ ስታመለክት ትራንስክሪፕቱ በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው እንዲላክ ተጠየቀች። ከሬጅስትራሩ መስኮት የተሰጣት መልስ «መጀመሪያ ዕዳሽን ጨርሺ» የሚል ነበር። በምን? ሥራ የላትም! የማመልከቻው ቀን አለፈ።

ደንቡ ራሱ ምሩቁ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየከፈለ ዕዳውን እንዲጨርስ ያዛል። ከገቢ የሚከፈል ዕዳ ነው ማለት ነው። ታዲያ ገቢ የሚያስገኘውን ወረቀት ቆልፎ ዕዳ መጠየቅ ከየት የመጣ አሠራር ነው? አባቱ ገንዘብ ያለው ልጅ በአንድ ቀን ከፍሎ ዲግሪውን ይዞ ይሄዳል። የገበሬዋ ልጅ፣ ያው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ምናልባትም በልጣው የተመረቀችው፣ በቴምፖ ከተማ ለከተማ ትንከራተታለች። ለድሃ የታሰበው ብድር ድሃውን ከበር የሚያስቀር ከሆነ አድልዎ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

«ገንዘቡ ካልተመለሰ ቀጣዩን ትውልድ በምን እናስተምር?» የሚሉ አሉ። ይመለስ! ምሩቁ አይክፈል አላልኩም። የደመወዝ ግብር ገና እጃችን ሳይገባ የሚቆርጥ፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የሰጠ መንግሥት ይህችን 10 በመቶ መሰብሰብ ሊያቅተው አይችልም። ሥራው የመሥሪያ ቤቶችና የገቢዎች ነው፤ ሬጅስትራር ዕዳ ሰብሳቢ ሊሆን አይገባም።

ትምህርት ሚኒስቴር ለሁሉም ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ደብዳቤ ይጻፍ፦ ኦሪጅናል ዲግሪው በምረቃው ቀን ለባለቤቱ ይሰጥ፤ ዕዳው ከመጀመሪያው ደመወዝ ጀምሮ ይቆረጥ።