ሃያ ሺህ ሂት ስንት ሶፋ ሸጠ?

በየወሩ መጨረሻ ለትናንሽ ድርጅቶች የሚላክ አንድ ሪፖርት አለ። ባለቀለም ግራፍ፣ ከሥሩ ትልቅ ቁጥር፦ «ድረ ገጽዎ በዚህ ወር 20,000 ሂት አግኝቷል።» አብሮ የወሩ ክፍያ መጠየቂያ ይመጣል። ሶፋ ሠሪው፣ አስጎብኚው፣ ባለ ክሊኒኩ ቁጥሩን አይቶ ደስ ይለውና ይከፍላል። እኔ ይሄን ሪፖርት ማታለያ ነው የምለው። ቃሉ የከበደው ሰው እስከ ታች አንብቦ ይከራከረኝ።

ሂት ማለት ሰው ማለት አይደለም። አንድ ሰው ገጹን ሲከፍት ስልኩ ከሰርቨሩ የሚጠይቀው እያንዳንዱ ፋይል አንድ ሂት ተብሎ ይመዘገባል። ገጹ ላይ 35 የሶፋ ፎቶ፣ አንድ ሎጎና ጥቂት የዲዛይን ፋይሎች ካሉ፣ አንዲት ደንበኛ አንዴ ብቅ ስትል 40 ሂት ተቆጠረ። 20,000ው ወደ 500 ወረደ ማለት ነው። ከ500ው ውስጥም ሰው ያልሆነ ሞልቷል፦ የጉግል ቦት፣ ፎቶ የሚለቃቅም ፕሮግራም፣ ሌሊቱን ሙሉ ፓስዎርድ ሲሞክር የሚያድር ሌባ። ኢምፐርቫ የተባለው የሳይበር ደህንነት ኩባንያ ስለ እ.ኤ.አ. 2023 ባወጣው ሪፖርት ከኢንተርኔት ትራፊክ 49.6 በመቶው የቦት ነው ብሏል። ከተረፈው ላይ ደግሞ ባለቤቱን ራሱን ቀንሱ። በቀን አሥር ጊዜ የራሱን ገጽ የማይከፍት ባለ ድረ ገጽ እስካሁን አላጋጠመኝም።

«ሂት ድሮ ቀረ፣ እኛ ጉግል አናሊቲክስ ነው የምንጠቀመው» የሚሉኝ አሉ። ጥሩ። ነፃ ነው፣ የታወቁ ቦቶችንም ያጣራል። ግን አካውንቱ በማን ጂሜይል ነው የተከፈተው? ለድረ ገጾች ጽሑፍ ስለምሠራ ይሄን ጥያቄ ደጋግሜ ጠይቄያለሁ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ «በልጁ» ነው። ልጁ ማለት ዌብሳይቱን የሠራው ነው። ልጁ ሥራ ሲቀይር ወይም በክፍያ ሲጣሉ የድርጅቱ መዝገብ አብሮት ይሄዳል። ጉግል የድሮውን አናሊቲክስ እ.ኤ.አ. በ2023 አጋማሽ አቁሞ፣ ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ የቆየውን መረጃ አጠፋ። ቀድሞ ያላወረደ ቀረበት። ቁልፉ በእጁ ያልነበረ ነጋዴ ምኑን ያወርዳል? መጥፋቱንስ ማን ይነግረዋል?

ቁልፉ በእጃችሁ ቢሆንም ቁጥሩን ማንበብ ሌላ ነገር ነው። የብዙዎቻችን ደንበኛ የሚመጣው ከቴሌግራም ነው። ከአፕ ውስጥ ሊንክ ተጭኖ የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ ከየት እንደመጣ ስለማይታወቅ «ዳይሬክት» በሚለው ሥር ይገባል። ባለሙያ ተብዬው ይሄንን ይዞ «ስምዎ ታውቋል፣ ሰዉ አድራሻውን በቃሉ እየጻፈ ነው የሚገባው» ይላል። የለም፣ ቻናላችሁ ላይ የለጠፋችሁት ፎቶ ነው ያስገባው። ሊንኩ ጫፍ ላይ ዩቲኤም የሚባለውን መለያ መቀጠል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ያን ጊዜ ከየትኛው ፖስት እንደመጣ ይታያል።

ዋናው ግን ይሄ ነው፦ እኛ አገር ሶፋ የሚገዛ ሰው ይደውላል። ስለዚህ መቆጠር ያለበት ጥሪው ነው። ገጹ ላይ ያለው ስልክ ቁጥር ሲነካ አናሊቲክስ እንዲመዘግብ ማድረግ ይቻላል። ከዚያም የሚቀል አለ፦ አንድ ሲም አውጡና ቁጥሩን ድረ ገጹ ላይ ብቻ አድርጉት። በዚያ ስልክ የተደወለ ሁሉ የድረ ገጹ ነው፤ ከደወሉት ስንቱ እንደገዛ ደግሞ ደብተር ላይ ይጻፍ።

«ነጋዴው ይሄ ሁሉ አይገባውም፣ ቀላል ቁጥር ነው የሚፈልገው» የሚለው ሰበብ ያናድደኛል። በሱቁ ደጃፍ ያለፈውን ሁሉ ገዢ ብሎ የሚቆጥር ነጋዴ መርካቶ ውስጥ ፈልጋችሁ አምጡልኝ። ዋጋ ጠይቆ የሚሄደውንና እጁን ኪሱ የሚከተውን በዓይን የሚለይ ሰው፣ ሪፖርት ሲመጣለት የማይገባው ሪፖርቱ እንዳይገባው ተደርጎ ስለተሠራ ነው። ላም አለኝ በሰማይ እያለ እንዲከፍል።

ዛሬ ማታ ለሠራላችሁ ሰው ይሄን ጻፉለት፦ «በራሴ ጂሜይል የአናሊቲክሱና የሰርች ኮንሶሉ ሙሉ አስተዳዳሪ አድርገኝ። ዶሜኑ በማን ስም እንደተመዘገበም ላክልኝ።» «ነገ» ካላችሁ፣ የዚህን ወር ክፍያም ነገ በሉት።