የኮሪያ ዘማቾች ታሪክ የሚጠፋው ቤት ስንቀይር ነው

እስቲ አያቶቻችሁ ቤት ያለውን አሮጌ አልበም አስታውሱ። ወፍራም ካፖርት የለበሰ ወታደር በረዶ ላይ ቆሞ የተነሳው ፎቶ አለ? እንዲህ ያለ በረዶ እኛ አገር የለም። ምናልባት ኮሪያ ነው።

በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ወደ ኮሪያ ሄደ። ዘማቾቹ በብዛት የክቡር ዘበኛ ልጆች ነበሩ። በተከታታይ ዙሮች ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ዘምተዋል። ከ120 በላይ ሞተዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል፣ አንድም ሰው ግን አልተማረከም።

እንዲህ ያለ ታሪክ ታዲያ ለምን በየሰፈሩ አይወራም? ሁለት ጊዜ አፉ ተይዟል። መጀመሪያ በታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥቱን የሞከረው ክቡር ዘበኛ ስለነበር፣ ከዚያ ጦር የወጣ ሰው በጥርጣሬ ይታይ ጀመር። ቀጥሎ ደርግ መጣና ከሰሜን ኮሪያ ጋር ተወዳጀ። እነዚህ ሰዎች ደግሞ የተዋጉት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ነው። "ኮሪያ ዘምቻለሁ" ማለት የሚያኮራ ነገር መሆኑ ቀረ። ሜዳሊያው ሳጥን ውስጥ ገባ፣ ወሬውም አብሮት።

ኮሪያዎቹ ግን አልረሱም። ቹንቾን ከተማ ውስጥ ጃንሆይ ራሳቸው በ1960 ዓ.ም. ተገኝተው የመረቁት የኢትዮጵያውያን መታሰቢያ ሐውልት አለ። እኛ ጋ ደግሞ አፍንጮ በር ላይ የዘማቾቹ መታሰቢያና ትንሽ ሙዚየም አለ፤ ማኅበራቸው ከየአባሉ ያገኘውን ፎቶና ቁሳቁስ ይዞ የቆየበት ነው። ጥሩ ነው፣ ግን እዚያ የደረሰው የተሰጠው ብቻ ነው። ያልተሰጠው አሁንም አልጋ ሥር ነው።

ይሄ ጉዳይ ዛሬ የሚያስቸኩለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በ1943 የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ በሕይወት ካለ 95 ዓመቱ ነው። ፎቶው ላይ ያሉትን ጓደኞቹን በስም የሚጠራልን እሱ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ቤት እየቀየረች ነው። የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ ስንት የድሮ ሰፈር ተነሳ? ሰው ኮንዶሚኒየም ሲገባ ቲቪና ፍሪጁን ይዞ ይገባል። የአባባ የወረቀት ካርቶን ግን "ቦታ ይይዛል" ተብሎ ይጣላል። ማንም በክፋት አያደርገውም። ግን አንድ የጦር መዝገብ እንደተቃጠለ ቁጠሩት።

ነገሩ የትዝታ ብቻም አይደለም። ለዘማች ልጆችና የልጅ ልጆች ከኮሪያ በኩል የትምህርት ዕድል ሲመጣ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው አያታችሁ መዝመታቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ያቺ የተጣለች ካርቶን ውስጥ የነበረችው ወረቀት ማለት ነው።

ስለዚህ መንግሥት እስኪመጣ አትጠብቁ። ፎቶውን በስልካችሁ አንሱት፣ ከፊትም ከጀርባም። የሰዎቹን ስም፣ ማዕረግና የዘመቱበትን ዙር ጠይቃችሁ ጻፉ። አዛውንቱ ካሉ ድምፃቸውን ቅረጹ። ኮፒውን ለማኅበሩ ስጡ፣ ዋናው እናንተ ጋ ይቀመጥ።

ነገ ደግሞ የልጅ ልጆቻችን ስለኛ ዘመን ጦርነት ይጠይቃሉ። የዛሬዎቹ ፎቶዎች ያሉት ስልክ ላይ ነው፤ ስልክ ደግሞ ከካርቶን ቀድሞ ይጠፋል።