ሽለላው በሳክስፎን ከገባ ዋዛውስ?

ባልደረቦቼ፣ ጥቁር አሜሪካኖች በትንሿ አርሞኒካ ብሉዝን አስለቀሷት እያልን እናደንቃለን። ደግ ነው። ግን የኛው ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ለምን ይረሳሉ?

በ1927 ዓ.ም. ይፋት ተወለዱ። በክራርና በማሲንቆ ጀምረው ወደ ክላርኔትና ሳክስፎን ዞሩ፤ በማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ኋላም በፖሊስ ኦርኬስትራ ነፉ። ትልቁ ሥራቸው ሽለላን፣ ያንን የጦር ሜዳ ፉከራ፣ በሳክስፎን ማስጮሃቸው ነው። መሣሪያው የፈረንጅ፣ ጩኸቱ የአገር! ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ እንኳ ከሆላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር አውሮፓን ዞረዋል። በመጋቢት 2008 ዓ.ም. አረፉ።

እኛ አሶሳ ተቀምጠን ዶ ሬ ሚ ብቻ እንሸመድዳለን። የበርታው ዋዛ ግን እዚሁ ጎረቤታችን ነው። ከቅል የሚሠራ ረጅም መለከት ነው፤ አንዱ ነፊ አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል፣ ዜማው የሚሞላው ሁሉም ተራውን ሲጠብቅ ነው። «ብዙ ሰው ስለሚፈልግ ለክፍል አይሆንም» የሚሉ አሉ። ኧረ እንዴት! ነገ የምናስተምረው ክፍል እኮ በልጅ የተሞላ ነው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ድምፅ ቢደርሰው ማን ሥራ ፈቶ ይቀመጣል?

ዋዛ ወቅትና ደንብ ስላለው መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ይጠየቁ። የሙዚቃ ክበባችን ይህን ከአሁኑ ይጀምር።