«መደበኛ» ስንት ቀን ነው?

የበልግ ትንበያ ዜና በሆነ ቁጥር «መደበኛ» ከሚለው ቃል ጋር ያለኝ የቆየ ጠብ ይነሳል፤ ዝናቡ ጀምሮ በቆረጠበት በዚህ ሰሞን ደግሞ ብሶብኛል። ቃሉ የስሌት ቃል ነው። የ30 ዓመት የዝናብ መዝገብ በመጠኑ ተደርድሮ ለሦስት ይከፈልና ዝናብ ያነሰባቸው 10 ዓመታት «ከመደበኛ በታች»፣ መካከለኞቹ «መደበኛ»፣ የበዛላቸው ደግሞ «ከመደበኛ በላይ» ይባላሉ። ተንባዩ የሚናገረው መጪው ወቅት ከሦስቱ በአንዱ የመውደቁን ዕድል ነው። ለአንድ አካባቢ ከታች ወደ ላይ 40፣ 35 እና 25 በመቶ ቢሰጥ፣ ዜናው «ዝናቡ ከመደበኛ በታች ይሆናል» ብሎት ያልፋል። እንደዚያ ያለመሆኑ ዕድል 60 በመቶ መሆኑ መንገድ ላይ ይቀራል።

ዕድሉ በትክክል ቢነገር እንኳ ዋናው ጥያቄ አልተመለሰም። ከየካቲት እስከ ግንቦት የወረደው ተደምሮ መደበኛ ሊሆን ይችላል፤ ግማሹ በአንድ ሳምንት ወርዶ ከዚያ ሦስት ሳምንት ፀሐይ ቢሆንም ድምሩ ያው ነው። ገብስ ግን በድምር አይበቅልም። በደላንታ ወይም በመንዝ ደጋ የመጀመሪያውን ዝናብ አምኖ የዘራ ገበሬ ለአንድ ሄክታር አንድ ኩንታል ያህል ዘር መሬት ላይ አፍስሷል። ዝናቡ ሁለት ሳምንት ቢቆርጥበት፣ አፈሩን በጣቱ ጫር ሲያደርግ የሚያገኘው ነጭ ሥር አውጥቶ የደረቀ ፍሬ ነው። ጎንቁሎ የደረቀ ገብስ ብቅል እንጂ ዘር አይሆንም። እንደገና ለመዝራት ወይ የቤተሰቡን ቀለብ ከጎታው ያወጣል፣ ወይ ይበደራል። የበልግ ምርት ከአገሪቱ እህል ትንሽ እጅ ነው የሚሉን ይህን አይቆጥሩትም። በሚያዝያ የሚዘሩት ማሽላና በቆሎ እስከ መኸር የሚዘልቁት በልጉን ተመርኩዘው መሆኑን፣ በክረምት የሚያርሰው በሬ የሚያገግመውም በበልግ ሣር መሆኑን ይረሳሉ። በቦረና ደግሞ በልግ ዋናው ዝናብ ነው። በ2007 በልጉ ከዳ፣ ክረምቱ በኤልኒኞ ተመታ፤ በተከታዩ ዓመት 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ።

ሳይንሱ ከዚህ በላይ አይችልም የሚል መልስ ይመጣል። ግማሹ እውነት ነው። በልግ ከክረምቱ ይልቅ ለመተንበይ ያስቸግራል፤ ዝናቡ መቼ እንደሚቆርጥ ከወራት በፊት ቀን ቆርጦ የሚናገር የለም። ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ግን በየ10 ቀኑም ትንበያ ያወጣል፤ ቀኑ ሲቀርብ ደግሞ ትንበያ ይጠራል። የወቅቱ ትንበያ ምን ዓይነት ዘር ልያዝ ለሚለው፣ የ10 ቀኑ ዛሬ ልዝራ ወይስ ልቆይ ለሚለው ነው። ከበሮ የሚመታለት የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው ማሳው ዳር ሳይደርስ ቀኑ ያልፍበታል።

ገበሬው ዕድል የሚባል ነገር አይገባውም የሚሉም አሉ። ገበሬ አርሶ ሲዘራ አይተው አያውቁም ማለት ነው። ማሳውን ለገብስና ለምስር የሚከፍል፣ ማሽላው ሲከዳው ገልብጦ ጤፍ የሚዘራ፣ ጤፉም ካለፈበት ሽምብራ የሚሞክር ሰው ዕድልን ሲያሰላ ነው የኖረው። ዘመኑ የማቴዎስ ነው የሉቃስ ብሎ የዓመቱን ጠባይ የሚገምተው እንኳ ዘሩን በሙሉ በአንድ ቀን አይበትንም።

ስለዚህ የሚነገረው ይለወጥ። በዚህ ወረዳ የመጀመሪያው ዝናብ ከወረደ በኋላ ካለፉት 30 ዓመታት በስንቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆረጠ? መጪዎቹ 10 ቀናትስ ምን ይመስላሉ? የዝናብ መዝገብ ያለው ጣቢያ የመጀመሪያውን ቆጥሮ ማውጣት ይችላል፤ ሁለተኛው ቀድሞም ይወጣል። ሁለቱ በገበያ ቀን፣ በአካባቢው ቋንቋ፣ ሰው እህሉን ይዞ በቆመበት ይነገሩ። ግማሹን ዘር ዛሬ ዘርቶ ግማሹን ጎታ ውስጥ ማቆየቱን ገበሬው ራሱ ይወስናል።