ስም ያለው ሊንክ
ደባርቅ ላይ ለስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጎብኚዎች የሚሠራ አስጎብኚ ድርጅት በኢንተርኔት ቀጠሮ የሚቀበልበትን ገጽ ሲከፍት፣ የተሰጠውን የፊደልና የቁጥር ዝብርቅርቅ እንዳለ መቀበል የለበትም እላለሁ። ሊንኩ የደጅ ምልክት ነው፤ እንግዳው በስልክ ሲነገረው የሚይዘው፣ ከወረቀት ላይ ሳይሳሳት የሚገለብጠው መሆን አለበት። ብዙዎቹ የቀጠሮ አገልግሎቶች የአድራሻውን መጨረሻ በራስ ስም መቀየር ይፈቅዳሉ። በፓርኩ ውስጥ ወደ ሳንቃበር የሚደረገው የአንድ ቀን ጉብኝት የራሱ ሊንክ፣ በግጭ አድርጎ ጨነቅ የሚደርሰው የብዙ ቀን ጉዞም የራሱ ይኑረው። የሚያስቸግረው የፓርኩ ስም አጻጻፍ ነው። እኛው በአማርኛ «ስሜን»ም «ሰሜን»ም እንላለን፤ በላቲን ፊደል ደግሞ ቢያንስ ሦስት ዓይነት አለ። እንግዳው የሚያውቀው ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበበትን አጻጻፍ ስለሆነ እሱ ይመረጥ። በፊደላችን ቢጻፍ ልቤ ይወድ ነበር። ግን የግዕዝ ፊደል ያለበት ሊንክ ተገልብጦ ሲለጠፍ ብዙ ጊዜ አንዱ ፊደል ወደ 9 ምልክት ይለወጣል፤ «ደባርቅ» የሚለው ባለ 4 ፊደል ስም 36 ምልክት ሆኖ ይመጣል፣ ማንም አያነበውም። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የሊንኩ ስም መቀያየር ነው። ስሙ ሲለወጥ አሮጌው ሊንክ ወደ አዲሱ እንዲያደርስ ካልተደረገ፣ አምና በበራሪ ወረቀት ታትሞ ውጭ አገር የደረሰው አድራሻ ባዶ ገጽ ይከፍታል። ያን ጊዜ ገቢ የሚያጣው ድርጅቱ ብቻ አይደለም፤ በቅሎውን ጭኖ ሊወጣ ተራውን የሚጠብቀው ገበሬም ነው።